ከወንጂ ስኳር እስከ ብርሃን ጓዳ
(በሬዲዮ ከተሰጡት ትምህርታዊ ንግግሮች)



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ የጦርነትና የዙፋን ታሪክ ሳይሆን የአንዲት ጥቃቅን ፍሬ ታሪክ ነው። ይህች ፍሬ በሳይንስ ቋንቋ ክሪስታል ትባላለች። ጧት ወደ መሥሪያ ቤታችን ከመሄዳችን በፊት በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጨምረን የምናማስለው ስኳር ክሪስታል ነው። በስልክና በኢንተርኔት መስመር ቃላችንን ከአገር ወደ አገር የሚያደርሰው፣ ሌዘር የተባለው ብርሃንም የሚፈልቀው ከክሪስታል ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ የሰፋ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም የተገኙት በአንድ ጥበብ፣ ይኸውም ክሪስታልን በንጽሕናና በትዕግሥት ኰትኵቶ በማሳደግ ጥበብ ነው። የዚህም ጥበብ አንዱ ወገን ከአዳማ ከተማ አጠገብ ከሰባ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ መሆኑን ብዙዎቻችን አላስተዋልንም። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሰው የውጭ አገር ታሪክ ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆን፣ ያገራችን ግን ዓ.ም. የሚል ምልክት ይዟል።

በመጀመሪያ ክሪስታል ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ ስምጥ ሸለቆ እንውረድ። ባቱ ወይም ዝዋይ ከተባለው ከተማ በስተምዕራብ ገደሞታ የሚባል ኮረብታ አለ። በዚያ ስፍራ የጥንት ሰዎች ከባልጩት ድንጋይ የጦር ጫፍ ይሠሩ እንደ ነበር ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ዕድሜውም ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ ሲሆን፣ ወፍራምና ዝልግልግ ሆኖ ቶሎ ስለ በረደ፣ በውስጡ ያሉት አቶሞች ሥርዓት ይዘው ለመሰለፍ ጊዜ ሳያገኙ ባሉበት ደርቀው ቀርተዋል። ስለዚህ ባልጩት ክሪስታል አይደለም፤ የተፈጥሮ መስተዋት ነው። ክሪስታል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አቶሞቹ ወይም ሞለኪሎቹ እንደ ሠልፈኛ ወታደር በረድፍ በረድፍ ቆመው፣ አንዱ ረድፍ ሌላውን እየደገመ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ የክሪስታል ገጽ በመሮ ሳይጠረብና በሞረድ ሳይሳል፣ በገዛ ሥርዓቱ ለጥ ያለና ማዕዘኑ የተስተካከለ ሆኖ ይወጣል። ይህንን ነገር አድማጮቻችን በልባችሁ እንድትይዙልን እንለምናለን፤ የንግግራችን ፍሬ ነገር ኋላ ተመልሶ የሚመጣው ወደዚህ ነውና።

አሁን ደግሞ ወደ ወንጂ እንሻገር። ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የተከለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በኋላ ደግሞ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ተከተለው። ዛሬ እነዚያ አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ሥራቸውን አቁመው በአዲስ ፋብሪካ ተተክተዋል። የሥራው መሠረት ግን አልተለወጠም። ከሸንኰራው የተጨመቀው ጭማቂ በኖራ ይጣራል፤ ውኃው እንዲተን ተደርጎ ወፍራም ሽሮፕ ይሆናል። ከዚያም አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ድስት ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ሽሮፑ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስኳር በያዘ ጊዜ፣ ሠራተኛው እጅግ የላመ የስኳር ዱቄት ይጨምርበታል። ይህም ዱቄት ዘር ይባላል። በሽሮፑ ውስጥ የሚንሳፈፉት የስኳር ሞለኪሎች በየዘሩ ላይ እየመጡ ይለጠፋሉ፤ ዘሩም አድጎ ፍሬ ይሆናል።

ይህ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሽሮፑ ከቀጠነ ዘሩ ይሟሟል። ከልክ በላይ ከወፈረ ደግሞ ያልተዘራ ዘር በራሱ ይበቅላል። የስኳር ባለሙያዎች ይህንን የሐሰት ፍሬ ይሉታል፤ እርሱም የዋናውን ፍሬ ምግብ እየተሻማ ሁሉንም ያቀጭጫል። ስለዚህ ድስቱን የሚጠብቀው ሠራተኛ በየጊዜው ጥቂት ናሙና እየወሰደ በመስተዋት ላይ ዘርግቶ ይመረምራል፤ እንደ ሁኔታውም ሽሮፕ ይጨምራል፣ እንፋሎቱን ይቀንሳል። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ፍሬውን እየመራ ማሳደግ፣ የክሪስታል ሥራ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው። ወርቁንም፣ ቀይ ዕንቍንም፣ ሲሊኮኑንም የሚያሳድገው ሰው ከዚህ ሕግ አይወጣም።

እንግዲህ ከስኳር ወደ ሴሚኮንዳክተር፣ ይኸውም ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ ሙሉ በሙሉ ሳያሳልፍ፣ እንደ ሸክላም ሙሉ በሙሉ ሳይከለክል በመካከል ወደሚገኘው የቁስ ዓይነት እንለፍ። በ1916 ያን ቾክራልስኪ የተባለ ፖላንዳዊ የብረታ ብረት ሊቅ በበርሊን ሲሠራ፣ ከቀለጠ ብረት ውስጥ ቀጭን ክሪስታልን በዝግታ ወደ ላይ ስቦ የማሳደግን ዘዴ አገኘ። ብዕሩን ወደ ቀለም መያዣው አጠልቃለሁ ሲል በስሕተት በቀለጠ ቆርቆሮ ውስጥ አጥልቆ ሲያወጣው፣ በጫፉ ላይ ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ስላገኘ ነው እየተባለ ይተረካል። እርሱ በዚያን ጊዜ ይመረምር የነበረው ብረቶች በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረጉ ብቻ ነበር። ነገር ግን ትራንዚስተር በ1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ከተፈለሰፈ በኋላ፣ በዚያው ላቦራቶሪ ጎርደን ቲል የተባለው ኬሚስት ከባልደረባው ጋር በዚሁ የመሳብ ዘዴ የጀርማኒየም ክሪስታል አሳደገ፤ ቀጥሎም ሲሊኮን ተከተለ። ዛሬ የኮምፒዩተር ልብ የሚሆነው ሲሊኮን ሁሉ የሚበቅለው ከ1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከቀለጠ ባሕር በዘር እየተሳበ ነው። ንጽሕናውም ከአንድ ቢሊዮን አቶሞች መካከል አንድ ባዕድ አቶም እንኳ እስኪከብደው ድረስ ነው።

የብርሃኑ ታሪክ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። በ1917 አልበርት አይንሽታይን አንድ ነገር አስተዋለ። ይኸውም ኃይል ይዞ የተቀመጠ አቶም ለኃይሉ ልክ የሆነ ብርሃን ሲያልፍበት፣ የያዘውን ኃይል ይለቅና አላፊውን ብርሃን በሁሉ ነገር የሚመስል ሌላ ብርሃን ያወጣል። ይህ ባገራችን ዘፈን አውራጁ ያወጣውን ዜማ ተቀባዮቹ ያንኑ ዜማ ይዘው እንደሚያስተጋቡት ነው። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ይበዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የተባበረው ብርሃን እንደ ተራ መብራት ሳይበታተን አንድ ቀለምና አንድ አቅጣጫ ይዞ ይወጣል። ግን ይህ እንዲሆን ብርሃኑ በአቶሞቹ መካከል ደጋግሞ መመላለስ አለበት። ለመመላለስም ግድግዳው መስተዋት የሆነ ጓዳ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሌዘር ታሪክ በአንድ በኩል የብርሃን ጓዳ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን የተባለው አሜሪካዊ በግንቦት 1960 አበራው። መሣሪያውም ሩቢ የተባለ ቀይ ዕንቍ ሲሆን፣ ጫፍና ጫፉ በብር ተቀብቶ መስተዋት ተደርጎ ነበር። ይህ ዕንቍ ከመሬት የተቈፈረ ሳይሆን በሰው እጅ ያደገ ነበር። የማሳደጊያው ዘዴ ኦጉስት ቬርኔይ የተባለ ፈረንሳዊ በ1902 ያስታወቀው ነው። የላመ ዱቄት በእሳት ነበልባል ውስጥ እያለፈ እየቀለጠ፣ ከታች በቆመው ዘር ላይ ጠብ ጠብ ሲል ዕንቍው ያድጋል። ቬርኔይ በሥራው ያሰበው ለቀለበትና ለእጅ ሰዓት የሚሆን ዕንቍ ነበር። ሊቃውንት ወደ ሌዘር በደረሱ ጊዜ ግን የሚያስፈልጋቸውን ክሪስታል ከጌጥ ነጋዴዎች ሙያ ዘንድ ተዘጋጅቶ አገኙት። አድማጮቻችን ይህንን ልብ በሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ በአሜሪካ ጀኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሮበርት ሆል ከጋሊየም አርሰናይድ የመጀመሪያውን የሴሚኮንዳክተር ሌዘር ሠራ። በዚያው ሰሞን ሌሎች ጓዶችም ተመሳሳዩን አደረጉ። ይህ ሌዘር ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ይሠራ የነበረው በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ነው። ብዙም ሳይቆይ ባለሙያዎቹ ክሪስታሉን በተፈጥሮ ረድፉ አቅጣጫ ቢሰነጥቁት ስንጥቁ ራሱ መስተዋት እንደሚሆን ተረዱ። ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ በ1970 የተገኘው ነው። በሌኒንግራድ ዦሬስ አልፌሮቭ፣ በአሜሪካም ሃያሺና ፓኒሽ፣ ልዩ ልዩ ሴሚኮንዳክተሮችን በስስ ንጣፍ አንዱን በአንዱ ላይ በማሳደግ በክፍል ሙቀት ያለ ማቋረጥ የሚያበራ ሌዘር አስገኙ። አልፌሮቭም በኋላ በ2000 ከኸርበርት ክሬመር ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

በዚያው በ1970 የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ብርሃንን ሳያባክን በሩቅ የሚያደርስ ቀጭን የመስተዋት ክር ሠራ። እንግዲህ የገደሞታው ባልጩት የሩቅ ዘመድና የወንጂው ስኳር የሩቅ ዘመድ በዚህ ተገናኙ። ብርሃኑን የሚወልደው ሥርዓት ያለው ክሪስታል ነው፤ ብርሃኑን ተሸክሞ የሚጓዘው ሥርዓት የሌለው መስተዋት ነው። ዛሬ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚተላለፈው የመንግሥት ደብዳቤና የባንክ ሒሳብ የሚሄደው በእነዚህ በሁለቱ ሽርክና ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ ጓዳው ምን ያህል ሊያንስ ይችላል የሚል ነው። ጓዳው ትንሽ ሲሆን የሚፈጀው ኃይል ያንሳል፤ ብዙውንም በአንድ ቺፕ ላይ መደርደር ይቻላል። ግን ችግር አለው። ጓዳው ባጠረ ቍጥር ብርሃኑ በአንድ ምልልስ የሚያገኘው ትርፍ ያንሳል፤ ስለዚህ በግድግዳው በኩል የሚያፈስሰው ኪሳራ ከዚያ ማነስ አለበት። በ1977 ኬኒቺ ኢጋ የተባለው ጃፓናዊ ብርሃኑን ወደ ጐን ሳይሆን ወደ ላይ የሚያወጣ አጭር ጓዳ አሰበ፤ ሐሳቡም በኋላ በእጅ ስልኮቻችን ውስጥ ሳይቀር ገባ። በ1992 የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ብርሃኑ በጠርዙ ዙሪያ እየዞረ የሚኖርበት እጅግ ትንሽ ክብ ገበታ መሰል ሌዘር አሳዩ። ይህ ነገር በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ውስጥ አንድ ሰው ግድግዳውን ተጠግቶ ያንሾካሾከውን ሌላው ወዲያ ማዶ ሆኖ እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅም ምክንያቱን መርምሮታል። ብርሃኑ ግድግዳውን በሰያፍ ሲነካው አይወጣም፤ ይመለሳል። በቢሾፍቱ ሐይቅ ውስጥ ጠልቆ ወደ ላይ በሰያፍ የሚመለከት ሰው የውኃው ገጽ እንደ መስተዋት ሆኖ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሆነ ሆኖ እነዚህ ጓዳዎች ሁሉ የተሠሩት ሰፊውን ክሪስታል ካሳደጉ በኋላ በመቅረጽና በመቍረጥ ነው። መቅረጽ ደግሞ ጠርዙን ያሻክራል፤ የሻከረ ግድግዳ ብርሃንን ያፈስሳል። ታዲያ ሊቃውንት በመጨረሻ ያሰቡት ነገር ከሁሉ የቀለለ ነበር። ክሪስታል በራሱ ለስላሳ ገጽ የሚያወጣ ከሆነ፣ ለምን ትንሹን ጓዳ በመሮ እንቀርጸዋለን? ለምን በልኩ አናሳድገውም? በ2001 ፔይዶንግ ያንግና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ የዚንክ ኦክሳይድን ክሪስታል እንደ ሣር አቁመው አሳደጉ። ርዝመቱ እስከ 10 ማይክሮን ሲሆን፣ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው፤ ውፍረቱም ከሰው ጠጕር በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። የእያንዳንዱ ሣር ሁለት ጫፍ ማንም ሳያለሰልሰው መስተዋት ሆነ፤ ሌዘርም አበራ። በ2011 ደግሞ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ኮኒ ቻንግ-ሐስናይንና ባልደረቦችዋ ስድስት ማዕዘን ያላቸውን ጥቃቅን የሴሚኮንዳክተር ምሰሶዎች በ400 ዲግሪ ሙቀት በሲሊኮን ላይ አሳደጉ። ሲሊኮን በራሱ ብርሃን በደንብ አይሰጥም፤ ብርሃን ሰጪውም ክሪስታል የአቶሞቹ እርከን ከሲሊኮን ጋር ስለማይገጥም በሰፊው ሲነጠፍበት ይሰነጣጠቃል። እግሩ ጠባብ የሆነ ትንሽ ክሪስታል ግን ልዩነቱን ችሎ ያድጋል። በዚህም ምሰሶ ውስጥ ብርሃኑ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረ ይመላለሳል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ነገር ታሪኩን ወደ ወንጂ ድስት መልሶታል። በ2014ና በ2015 ልዩ ልዩ የምርምር ቡድኖች ፔሮቭስካይት ከተባለው የሴሚኮንዳክተር ወገን ጥቃቅን ዘንጎችንና ስሶችን ገበታዎች አሳድገው የብርሃን ጓዳ አደረጉአቸው። ከነዚህ መካከል ዘንጎቹ የበቀሉት ከሺህ ዲግሪ እቶን ሳይሆን ከፈሳሽ ሙሙት፣ በክፍል ሙቀት ነው። ሙሙቱ ከልክ በላይ ሲሞላ ፍሬ ይቋጠራል፤ እንደ ስኳሩ ሁሉ ፍሬው ሲያድግ ማዕዘኑ ይስተካከላል፤ ገጹም መስተዋት ይሆናል። በእርግጥ ጕድለት አለባቸው። ብዙዎቹ እርሳስ የተባለውን መርዛም ብረት ይዘዋል፤ እርጥበትም ያበላሻቸዋል፤ አብዛኛውንም ጊዜ የሚበሩት በኤሌክትሪክ ሳይሆን በሌላ ሌዘር ተገፍተው ነው። ሆኖም ነገሩ የሚያስተምረን አለ። ጥሩ ጓዳ የሚገኘው ከውጭ በሚደረግ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ ከአስተዳደጉ ነው።

አሁን ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። እንደዚህ ባሉት ፓርኮች ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ዋነኛው ልብስ መስፋት ነው፤ ይህም ለብዙ ወጣቶች እንጀራ በመሆኑ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ የሰጠችን ከቀረጥ ነፃ የመሸጥ ዕድል በተቋረጠ ጊዜ፣ የእጅ ሥራን ብቻ ይዞ በሌላው ገበያ ላይ መደገፍ ምን ያህል እንደሚያሠጋ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው በአንድ ዝላይ ወደ ሌዘርና ወደ ቺፕ ፋብሪካ እንግባ ይላል። ሌላው ደግሞ ያ የሌላ ሕዝብ ዕድል ነው፣ የእኛ መርፌና ክር ነው ይላል። ከላይ የተተረከው ታሪክ ሁለቱንም አይደግፍም።

ታሪኩ የሚለው ሌላ ነው። የቬርኔይ ዕንቍ ለጌጥ ተጀምሮ ለሌዘር ደረሰ። የቾክራልስኪ ሙከራ ለብረት ተጀምሮ ለኮምፒዩተር ደረሰ። ሁለቱም ለመድረስ የበቁት ሙቀቱ ስንት ነበር፣ ጊዜው ስንት ነበር፣ ባዕድ ነገሩ ምን ያህል ነበር ተብሎ ተለክቶ፣ ተጽፎ፣ ለሚቀጥለው ሰው በመተላለፉ ነው። እኛስ? በወንጂ ድስት ፊት ቆሞ ፍሬውን በዐይኑ እየለየ ከሐሰተኛው የጠበቀው የሠራተኛ እውቀት የት ደረሰ? አሮጌው ድስት ሲቀዘቅዝ እውቀቱ ወደ ወረቀት ተሸጋገረ፣ ወይስ አብሮ ቀዘቀዘ? በዚያው በአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ያገራችን ኬሚስቶች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ከፕላስቲክ ዘር በሆኑ ሴሚኮንዳክተሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲመራመሩ ቆይተዋል። በስኳር ፋብሪካውና በቤተ ሙከራው መካከል ያለው መንገድ በኪሎ ሜትር ሲለካ አጭር ነው። የሚያረዝመው የመዝገብና የመተዋወቅ ጕድለት ነው።

ይህ ደግሞ የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን፣ መዝገብ የሚይዘው፣ ፈቃድ የሚጽፈው፣ በጀት የሚያዘጋጀው የመንግሥት ሠራተኛ ጉዳይ ነው። አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ የዕቃው ዝርዝር ተቈጥሮ ርክክብ እንደሚደረግ ሁሉ፣ የሥራው ማስታወሻም ተሰብስቦ ለዩኒቨርሲቲው ርክክብ ሊደረግበት ይገባል። የተማሪ ቡድን ወደ ፋብሪካ እንዲገባ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲመጣም በመዝገብ ቤት ሳይከርም ቶሎ ሊመራ ይገባዋል። እነዚህ ትናንሽ ሥራዎች ናቸው፤ ዘርም ትንሽ ነው። በጠራና በሞላ ሙሙት ውስጥ የወደቀች አንዲት ዘር ገጽዋን ራስዋ ታስተካክላለች፣ መስተዋትዋንም ራስዋ ታበጃለች። ሙሙቱን አጥርቶ፣ ሙቀቱን ጠብቆ፣ ጊዜውን ታግሦ መቆየት ግን የአሳዳጊው ፈንታ ነው።